ኪዳን አታንሺ

ሽማግሌዎቹ እሁድ መጡ። ሳምሪን ለኪዳን ጠየቁ፣ ለሚቀጥለው እሁድ መልስ ተቀጠሩ፣ ሄዱ። በመሃል ያለው ሳምንት የማጠያየቂያ ነው። ልጁ ከማን ተወለደ፣ ይጠጣል ወይ፣ ይማታል ወይ፣ የሆነ ቦታ የደበቀው ልጅ አለ ወይ።

የሳምሪ እናት ወለተጻድቅ ማጠያየቁን ለወንድሟ ለሀብተሥላሴ ሰጠችው። ሀብተሥላሴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንዲህ ያለ የሚጥም ሥራ ገጥሞት አያውቅም። ከታክሲ ታክሲ ሲዘል ሰነበተና ረቡዕ አስኮ፣ እህቱ ቤት መጣ። ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

«ንፁህ ነው» አለ።

«ምኑ?»

«ሁለመናው። አባቱ የማርቆስ ሰው፣ ነፍሳቸውን ይማረውና የተመሰገኑ። እናቱ አሉ፣ ደህና ሴት ናቸው። ንስሐ አባቱን አገኘሁ። ቤት ያከራየውን ሰውዬ አገኘሁ። ቤቴል ፍሪጅ የሚጠግንበት ቦታ ጎረቤቱን ባለ ሱቅ አገኘሁ። ሁሉም አንድ ቃል ነው የሚናገሩት።»

«ምን ብለው?»

«ጨዋ ልጅ ብለው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም!»

«ሰው ሁሉ አንድ ቃል ሲናገር አይከነክንህም?»

«አንቺ ደግሞ! አንዱ ሌባ ነው ቢልልሽ ደስ ይልሽ ነበር?»

«አዎ። ሌባ ያለውን ሄጄ ለምን አልክ ብዬ እጠይቀዋለሁ። ጨዋ ያለውን ምን ብዬ ልጠይቀው?»

ሀብተሥላሴ ባርኔጣውን አድርጎ ተነሳ። «እኔ የተላክሁትን ሠርቻለሁ» አለ።

ወለተጻድቅ የራሷ ግቢ አላት። ከፊት እሷና ሳምሪ፣ ከኋላ ሰርቪስ ክፍሎች፣ ሁሉም ተከራይ አላቸው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። እሱንም በጊዜው አጠያይቀውት ነበር፤ ጨዋ ተብሎ ነው የመጣው። ጨዋም ነበር። ሲጠጣ ግን ሌላ ሰው ነው፣ ሲጠጣ ምን እንደሚመስል የጠየቀ ደግሞ አልነበረም። ሳምሪ ብቸኛ ልጇ ናት። እሁድ «እሺ» ካለች በኋላ ወደ ኋላ የለም።

ሐሙስ ከሰዓት ስልኳ ጠራ።

ስልኳ ላይ ሰሞኑን አዲስ ነገር ገብቷል። «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚሉ አጭበርባሪዎች ሲያስቸግሯት፣ ተከራይዋ ፈይዛ የደዋዩን ስም የሚያወጣ አፕ ጫነችላት። ፈይዛ አስኮ መንገድ ዳር የስልክ ከቨርና ቻርጀር ትሸጣለች፤ የግቢው ስልክ ሁሉ ሐኪሙ እሷ ናት።

ወለተጻድቅ መነጽሯን ፈልጋ አደረገች። ቁጥሩን አታውቀውም። ከቁጥሩ በላይ ግን በትልቁ ተጽፏል።

ኪዳን አታንሺ።

አላነሳችም። ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ወዲያው ደግሞ ጠራ። ኪዳን አታንሺ። ቆመ። ደግሞ ጠራ። ከዚያ መልእክት ገባ። «እትዬ እንደምን ዋሉ፣ ኪዳን ነኝ። ሳምሪ ፍሪጁ አልበርድ ብሏል ብላኝ ነበር፣ መጥቼ ልየው?»

ስልኩን እንደሚያቃጥል ነገር በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ወደ ፈይዛ ክፍል ሄደች።

«ምንድነው ይሄ?»

ፈይዛ አየችውና ሳቀች። የአከራይዋን ፊት ስታይ ሳቋን ዋጠችው።

«ኪዳን... አታንሺ ይላል፣ እትዬ።»

«ማንበቡንማ አንብቤዋለሁ። ማነው ያለው?»

«ሰው ነዋ። ሰው ስልኩ ላይ ምን ብሎ ሴቭ እንዳደረገው አፑ ለቅሞ ነው የሚያወጣው።»

«የትኛው ሰው?»

«እሱን አይናገርም።»

«መቼ?»

«እሱንም አይናገርም።»

«ለምን እንዳለውስ?»

«እትዬ፣ አፕ እኮ ነው! ምን ያውቃል ብለው ነው።»

ወለተጻድቅ የፈይዛ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ሴት ናት» አለች። «ለራሷ ነው የጻፈችው። እንዳታነሳው።»

«ትመስላለች።»

«አንድ ናት ወይስ ብዙ?»

«አንዳንዴ ብዙ ሰው የጻፈውን ነው የሚያወጣው ይላሉ። አንዳንዴ ደግሞ ዝም ብሎ ያገኘውን። እኔ እንጃ።»

«ብዙ ሴት!»

«ኧረ እኔ እንደሱ አላልኩም!»

የጥገና ቤቱን ቁጥር ሀብተሥላሴ አምጥቶላት ነበር። እሱን አስገቡት። «ኪዳን ፍሪጅ ቤቴል» አለ። የሥራው ቁጥር እንደ ሥራው ነው። የግሉ ቁጥር ግን ሌላ ነገር ይናገራል። ሀብተሥላሴ ያነጋገረው የሥራውን ሰው ነው ማለት ነው፣ ወለተጻድቅ እንደገባት።

«ይሄ ነገር ሌላውንስ ያውቃል?» አለች።

«ይሞክሩት።»

የሀብተሥላሴን ቁጥር አስገቡ። «ጋሽ ሀብቴ ወሬ» አለ። ወለተጻድቅ በረጅሙ ተነፈሰች። የእድሩን ዳኛ አስገቡ። «ዳኛው ቅጣት» አለ። ወተት የምታመጣላቸውን «ኤቢሴ ወተት» አለ፣ ምንም ክፉ አላለም፤ ኤቢሴ ደግሞ እውነትም ክፉ የላትም። ወለተጻድቅ እጇ አላርፍ አለ። ጎረቤት፣ ዘመድ፣ ጸሎት ቤት ትሄዳለች የምትባለው ልብስ ሰፊ ሳትቀር አስገባች። አንዱም አልሳተ።

«የኔን አስገቢው» አለች።

«የርስዎ ምን ያደርጋል፣ እትዬ?»

«አስገቢው አልኩሽ።»

«ኔትወርኩ ደከመ መሰለኝ...»

«ፈይዛ!»

ፈይዛ አስገባች። ስልኩን ወደ አከራይዋ ልታዞረው አልደፈረችም፣ ወለተጻድቅ ራሷ ወሰደችው።

አከራይ መብራት።

 ወለተጻድቅ ማታ ማታ የሰርቪሶቹን መብራት ከቆጣሪው ታጠፋለች። ቆጣሪው አንድ ነው፣ ሁሉም ልብስ የሚተኩሰው ማታ ነው፣ ቢቃጠልስ? ግቢ ውስጥ ግን አንድም ሰው ፊት ለፊት ተናግሯት አያውቅም። ሁሉም «እትዬ ወለቴ፣ እግዜር ይስጥልን» ነው የሚሉት።

«ያንቺ ነው?»

«ወላሂ የኔ አይደለም! እኔ ጋ እትዬ ወለቴ ነው የሚለው፣ ይኸው ይዩ! የድሮ ተከራዮች ይሆናሉ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይሄኔ «ውሸታም ማሽን» ብሎ ስልኩን ይወረውር ነበር። ወለተጻድቅ እንደዚያ አይደለችም። ውሸት ቢሆን ባላመማት። ስለ እሷ እውነቱን ከተናገረ፣ ስለ ኪዳን የሚዋሽበት ምን ምክንያት አለው? ዘመዱ አይደለ፣ ጠላቱ አይደለ። ንስሐ አባቱ ይወዱታል፣ አከራዩ ይፈልገዋል፣ ባለ ሱቁ ያፍራል። ይሄ ነገር ግን ማንንም አያፍርም።

ማንንም አለማፈሩ ደግሞ አስፈራት። ያወራውን ሰው ሄዳ ዓይኑን ማየት አትችልም።

ሳምሪ ሳንሱሲ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ከሥራ ስትገባ እናቷ ሳሎን መሃል ቆማ ጠበቀቻት።

«ቦርሳሽን አስቀምጪ።»

«ምን ሆንሽ? ሰው ሞተ?»

ስልኩን አሳየቻት። ሳምሪ አየችው። ፊቷ ምንም አላለም። እናቷ ግን አንገቷን እያየች ነበር፤ ሳምሪ ስትደነግጥ የምትቀላው አንገቷ ጋ ነው።

«እ፣ እሱማ እኔ ነኝ» አለች ሳምሪ።

«አንቺ ነሽ ምን?»

«እኔ ነኝ እንደዛ ብዬ ሴቭ ያደረግኩት። ተጣልተን ነበር አንዴ። ተናድጄ ነው።»

«መቼ ነው የተጣላችሁት? ሽማግሌዎቹ በቅርቡ ነው የተዋወቁት አላሉም እንዴ?»

«በቅርቡ ነዋ። በቅርቡ ተጣላን።»

«ስልክሽን አምጪ።»

«እማዬ፣ ሕፃን ነኝ እንዴ?»

«አምጪ።»

ወለተጻድቅ የኪዳንን ቁጥር አንድ በአንድ እያየች በሳምሪ ስልክ ላይ ነካካችው። መጨረሻዋን ቁጥር ስትነካ ስም ወጣ።

ሜቲ።

ወለተጻድቅ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች።

ሜቲን ታውቃታለች። ሜቲ የሳምሪ የሥራ ጓደኛ ናት። ማታ ማታ በስልክ ሲያወሩ ዓመታት ሆኗቸዋል። «ማናት?» ስትል «ሜቲ ናት»፣ «ሰላም በይልኝ» ስትል «ሰላም ብላሻለች»። ፋሲካን ድፎ ቆርሳ ልካላታለች። ሜቲ ታማለች ሲባል ስለት ተስላላታለች።

«ድፎዬን በላው?»

ሳምሪ መሳቅም ማልቀስም ከበዳት። «ጣፍጦታል» አለች።

«ሜቲ የምትባል ልጅ የለችም?»

«የለችም።»

«ስለቴንስ ማን ይመልስልኛል!» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ይሁን። በሱ በኋላ እጣላሻለሁ። አሁን ይሄን ንገሪኝ፤ አንቺ ጋ ሜቲ ከሆነ፣ አታንሺ ያለችው ማናት?»

 ሳምሪ የእናቷን ስልክ ወስዳ «ኪዳን አታንሺ» የሚለውን ደግማ አየችው። አሁን አንገቷም አልቀላም። ነጣች እንጂ። እሱን ልታድን ብላ ነው ቶሎ «እኔ ነኝ» ያለችው። አፏ ቀደማት። ይሄን የኪዳንን ነገር እሷም እንደ እናቷ ገና አሁን መስማቷ ነው።

«አላውቅም» አለች።

አርብ ሳምሪ ከግማሽ ቀን በኋላ አስፈቀደች። በአየር ጤና በኩል ታክሲ ቀይረው ቤቴል ወረዱ። 

የኪዳን ጥገና ቤት መንገድ ዳር ነው። በራቸው የወለቀ ፍሪጆች ተደርድረዋል፣ ሆዱ የተዘረገፈ የልብስ ማጠቢያ ማሽን በጎኑ ተኝቷል። ኪዳን ቱታ ለብሶ ከአንዱ ፍሪጅ ጀርባ ብቅ አለ። ሁለቱን አብረው ሲያይ እጁን በጨርቅ ጠረገ፣ ሮጦ ሁለት ዱካ አመጣ፣ አቧራውን በክንዱ ጠረገላቸው።

«እትዬ! ምነው ሳይነግሩኝ? ለስላሳ ልዘዝ? ሻይ?»

«ምንም አልፈልግም ልጄ።»

«ውሃ እንኳን...»

«አልፈልግም አልኩህ።»

ስልኩን ሰጠችው። ኪዳን አነበበ። ወለተጻድቅ ፊቱን ከአንድ ክንድ ርቀት ነበር የምታየው። የመጣችው ለዚህ ነው። ይስቃል ብላ ነበር። ወይም «ምንድነው ይሄ?» ይላል፣ ይምላል፣ ይቆጣል ብላ ነበር። እሱ ግን ስልኩን መልሶ ሰጣትና፣

«ኮከብ ናት» አለ።

«ማናት ኮከብ?» አለች ሳምሪ። ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር።

«ድሮ ነው። ካንቺ በፊት። ኮሌጅ አብረን ነበርን። ተወችኝ። እኔ ደግሞ... አልገባኝም ነበር። እደውል ነበር።»

«ስንት ጊዜ?» አለች ወለተጻድቅ።

«እኔ እንጃ። ብዙ።»

«ስልኳን ስጠኝ። ደውዬ ራሷን ልጠይቃት።»

«የለኝም። አጠፋሁት።»

«አጠፋኸው?»

«ከአንቺ... ከሳምሪ ጋር ስንተዋወቅ ነው ያጠፋሁት። ይኸው ስልኬን ይዩ።»

«በቃልህስ?»

ኪዳን መሬት መሬት አየ።  ከዚያ ቁጥሩን ከላይ እስከ ታች፣ አንድም ቦታ ሳይቆም፣ ሰው ስሙን እንደሚናገር አድርጎ ነገራት። ወለተጻድቅ ስትጽፍ ሳምሪ ስልኩን አላየችም። እሱን ነበር የምታየው።

ወለተጻድቅ ስፒከር ላይ አድርጋ ደወለች። ቶሎ ተነሳ።

«ሀሎ?» የሴት ድምፅ ነው፣ ቸኩሏል። ከኋላዋ ልጆች ይንጫጫሉ።

«ይቅርታ ልጄ፣ አታውቂኝም። ኪዳን የሚባል ሰው ታውቂያለሽ?»

 በር ተዘጋ፣ የልጆቹ ጫጫታ ራቀ።

«እሱ ነው ያስደወለዎት?»

«አይደለም። ልጄን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ ነው።»

«እ...» አለች ኮከብ። «ምን ልበልዎ? እንኳን ደስ ያላችሁ።»

«መትቶሻል?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«ሰድቦሻል?»

«ኪዳን? ኪዳን ሰው አይሰድብም። ጨዋ ነው።»

ወለተጻድቅ ዓይኗን ጨፈነች። «ታዲያ አታንሺ ብለሽ የጻፍሽበት ለምንድነው?»

«ማን ነገረዎት?»

«ስልኬ።»

«ስልክዎ!» ኮከብ ሳቀች፣ ደስ የሚል ሳቅ ግን አይደለም። «የጻፍኩትማ ለራሴ ነው። አሳዝኖኝ ካነሳሁለት በማግስቱ ይብስበታል። ስለዚህ እንዳላነሳ። ሥራ ቦታዬ መጣ፣ እናቴ ጋ ሄደ። ሁልጊዜ አንድ ነገር ይዞ ነው የሚመጣው፣ ባዶ እጁን አይመጣም። ሰው ሁሉ ለሱ ነበር የሚያዝነው። እናቴ ራሷ። አሁን ቆሟል፣ ከቆመ ቆየ። ክፉ ሰው አይደለም፣ አላማሁትም።»

«እግዜር ይስጥሽ።»

«እትዬ? አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ልጅዎ እምቢ ብላው ታውቃለች?»

ወለተጻድቅ ሳምሪን አየቻት። ሳምሪ ራሷን ነቀነቀች።

«አታውቅም» አለች ወለተጻድቅ።

«እንግዲያው ገና አላየችውም። ተማሪዎች እየጠበቁኝ ነው፣ ደህና ይዋሉ።» ዘጋችው።

ኪዳን ጨርቁን እጁ ላይ እየጠመጠመ ቆሟል። «ልጅ ነበርኩ ያኔ» አለ። «እንዴት እንደሚተው አላውቅም ነበር። አሁን...»

«ኪዳን» አለች ሳምሪ። «እስከ እሁድ አትደውልልኝ።»

«ለምን?»

«ማሰብ ስለምፈልግ።»

«እሺ። ለምን ግን?»

«ቴክስትም አታድርግ። አትደውል በቃ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ። እሺ። ምን አጥፍቼ ነው ግን?»

ታክሲ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር፣ ወለተጻድቅ መታገስ አቃታት።

«ፈተና መሆኑ ነው?»

«መሰለኝ።»

«እስከ እሁድ ብለሽ ነግረሽው? ሰው እየታየ መሆኑን ካወቀ ምኑን ፈተና ሆነ? እሁድ ድረስማ እኔም ጨዋ እሆናለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች ሳምሪ። «በኛ ሙያም መድኃኒት ሲሞከር በሽተኛው የትኛውን እንደዋጠ አይነገረውም። ካወቀ ሙከራው ይበላሻል።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ እማዬ? ሌላ አልመጣልኝም።»

አርብ ማታ ስልክ አልጠራም። ቅዳሜ ጠዋትም አልጠራም። ወለተጻድቅ ሽንኩርት ስትልጥ ጆሮዋ የሳምሪ ስልክ ላይ ነው። ዝም ባለ ቁጥር ቅር ይላታል። ቅር ማለቷ ራሱ አናደዳት። ልጁ እንዲደውል ፈልጋ ነው? ልጇ እንድታዝን ፈልጋ ነው? ከሰዓት ሲሆን «እንግዲህ ሰው ይለወጣል» አለች ጮክ ብላ። ሳምሪ ቀና ብላ አየቻትና ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ምግብ በላች።

በሩ ተንኳኳ። ፈይዛ ናት የከፈተችው።

ኪዳን ነው። ታጥቦ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ በአንድ እጁ የሥራ ሳጥኑን፣ በሌላው ሙዝና ፓፓያ የሞላ ፌስታል ይዟል። ከኋላው ባጃጅ ቆሟል፣ ባጃጁ ላይ አዲስ ሞተር፣ ለፍሪጅ የሚሆን።

ሳምሪ በረንዳው ላይ ወጣች። «አትደውል ብዬህ ነበር።»

«አልደወልኩም» አለ ኪዳን። ፈገግ አለ። «መጣሁ።»

ፈይዛ ሳቀች። «ማሻአላህ፣ እንዲህ ነው እንጂ!» አለች። ሌላ ግን የሳቀ የለም።

«ሂድ፣ ኪዳን።»

«እሄዳለሁ። ፍሪጁን ልሥራና እሄዳለሁ። እትዬ ምን በደሉኝ? ምግባቸው ሲበላሽ ዝም ልበል?»

«ሂድ እያልኩህ ነው።»

«አምስት ደቂቃ ነው ሳምሪዬ። አንቺን አላናግርሽም። አንቺን እንዳላይሽ ፊቴን ወደ ፍሪጁ አዙሬ ነው የምሠራው፣ እሺ?»

ይሄን ሲል ገብቷል። ጫማውን በር ላይ አውልቋል። ፌስታሉን ለወለተጻድቅ በሁለት እጁ ሰጣት፣ ጎንበስ ብሎ። ወለተጻድቅ ተቀበለችው። ምን ታድርግ? በር ላይ ቆሞ ፍሬ የሚሰጥ ሰው እጁን አትመታ።

ሠራ። እንዳለውም ሳምሪን ቀና ብሎ አላያትም። እጁ ጥሩ ነው፣ አይርበተበትም፣ የወደቀ ብሎን አይፈልግም። ፍሪጁ አጉረምርሞ ተነሳ። መሬት የፈሰሰውን በራሱ ጨርቅ ጠረገ። «ይኸው እትዬ፣ አሁን በረዶ ይሠራልዎታል» አለ። «ነገ እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። በሰላም ያገናኘን።» ጫማውን አደረገ፣ ሄደ። ባጃጁ ከመንደሩ እስኪወጣ ድምፁ ይሰማ ነበር።

ሳምሪ እስከዚያ ድረስ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

«ጋሼ ሀብቴ ጋ ደውይ» አለች። «ነገ እንዳይመጡ ይንገራቸው።»

ወለተጻድቅ ከሐሙስ ጀምራ ይሄን ቃል ነው የምትፈልገው። አሁን ሲመጣ ልትቀበለው አቃታት።

«ፍሪጅ ስለሠራ?»

«ሂድ አልኩት። ስንቴ አልኩት? ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ። ግን ሰው ሲወድ...»

«ኮከብ ምን አለች? ባዶ እጁን አይመጣም አላለችም?»

«አለች። ሙዝ ይዞ መምጣት ግን ወንጀል ነው እንዴ? ሐሙስ ቢሆን፣ ያን ስም ሳላየው በፊት፣ ልጁ እንዴት ያለ ሰው አክባሪ ነው ብዬ ሰፈሩን አዳርሼ ነበር። አንቺም ትስቂ ነበር። እንደ ፈይዛ።»

«እስቅ ነበር» አለች ሳምሪ። «እሱ ነው የሚያስፈራኝ። የቱ ነው እውነቱ? ሐሙስ የነበረው ዓይኔ ነው ልክ፣ ወይስ የዛሬው?»

 ስንት ቀን አጠያይቆ «ንፁህ ነው» ያለው የወለተጻድቅ ወንድም አልዋሸም። አፑ አልዋሸም። ኮከብ አልዋሸችም። ኪዳንም ቢሆን፣ ስትጠይቀው ሳይሸሽ ነው የነገራት። ሁሉም እውነት ተናግሮ እሷ ምንም አላወቀችም።

«ሀብቴ ምን ተገኘበት ሲለኝ ምን ልበለው?»

«ምንም አልተገኘበትም በይው። ልጅቷ እምቢ ብላለች በይው።»

«ተሳስተን ከሆነስ?»

ሳምሪ ፌስታሉን ከእናቷ እጅ ወሰደች። ወለተጻድቅ እስካሁን ይዛው መቆሟን አላወቀችም ነበር።

«ነገ ይታወቃል» አለች ሳምሪ። «እውነተኛውን እምቢ ሲሰማ። ማንም እየሞከርነው ነው ብሎ ሳይነግረው። በር ላይ ከመጣ፣ ከደወለ፣ ሰው ከላከ ልክ ነበርን።»

«ዝም ብሎ ከተቀበለስ?»

«ከተቀበለ ጥሩ ሰው ነበር ማለት ነዋ።»

 ወለተጻድቅ መነጽሯን አደረገችና የወንድሟን ቁጥር መነካካት ጀመረች።